የአስተርጓሚው የጡት ልጅ

አሰላ ውስጥ ያሳደገኝን ሰው የሚያነሳ ሁሉ አብሮ እኔን ያነሳኛል። «የሙት ልጅ አንስቶ ሰው ያደረገ» ይሉታል። ሰው የተደረግሁት እኔ መሆኔ ነው። ይህን እየሰማሁ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ከዘመዶቹ አንዱ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ የሙት ዓመቱን ስናስብ ስለ ደግነቱ ሁለት ቃል ብትናገሪ ደስ ይለናል አለኝ። ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ጉልበቴ ደህና ነበር። ሁለት ቃል ስለማይበቃኝ ነው የቀረሁት።

በሕይወት ሳለ አንቱ እያልኩት ነው ያደግሁት። እዚህ ግን እሱ እያልኩ እጽፋለሁ። የሚከፋው ካለ ይክፋው።

የወለደኝ አባቴ ዲክሲስ አካባቢ ገብስ የሚያርስ ሰው ነበር። አያቶቹ ከሸዋ ወርደው የሰፈሩ ናቸው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሁሉ ግን ያኔ በሌላ ስም ይጠሩት የነበረው ኦሮምኛ ነው። ጎረቤቶቻችን አርሲዎች ነበሩ። ከልጆቻቸው ጋር ስጫወት፣ ከእናቶቻቸው ጋር ወተት ስንጥ ስለዋልኩ፣ ከሁለቱ ቋንቋ የትኛው ቀድሞ አፌ እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ ደረቱን ታሞ እንደማይነሳ ሲያውቅ ከአሰላ አንድ ወዳጁን አስጠራ። ሰውየው የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። በበቅሎ መጣ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ በትንሽ ዋንጫ ማር ቀረበ፣ ሰውየው አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነክሮ አፌ ውስጥ አደረገልኝ፣ እኔም ጠባሁ። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጁ ሆንኩ፤ እንደ ወለደኝ ማለት ነው፤ አላውቃትም ማለት አይችልም። ከማሩ ሥር የሱረት ጣዕም ነበረው። አስለቀሰኝ። ሽማግሌዎቹ ለአባቴ ያለቀስኩ መስሏቸው አባበሉኝ።

አባቴ ሞተ። እናቴ ዓመት ቆይታ በቆጂ አገባች፤ ባሏ የሌላ ሰው ልጅ አልፈለገም። ስለዚህ ነገር እናቴን እዚህ አልወቅሳትም፤ የእሷ ተራ ገና ነው። እኔ በአስተርጓሚው በቅሎ ኋላ ተቀምጬ አሰላ ገባሁ።

ቤቱ ከገበያው በላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው፣ ጭላሎ ተራራ ከደጁ የሚታይ ነበር። የሚኖሩት እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ አንድ ልጃቸው አድጎ አዲስ አበባ ሥራ ይዟል። እሱን አባባ፣ እሷን እትዬ እላቸው ጀመር። ትምህርት ቤት አስገቡኝ። መጀመሪያ ላይ ለእሱ ከቤት ዕቃ የተለየሁ አልነበርኩም፤ ሲገባ እግሩን አጥባለሁ፣ ሲወጣ ካባውን አቀብላለሁ። ያየኝ አንድ ቀን ምሳ ላይ ነው።

የዚያን ቀን ተናድዶ ገባ።

«ዛሬ ዳኛው ሳቁብኝ» አላት ለእትዬ። «አንዱ ገበሬ ‹እሳቴን አጠፉብኝ› ብሎ ያለቅሳል። እኔም እንዳለው አልኩ። ዳኛው ‹እሳት ማጥፋት ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው? ምስጋና ይገባቸው ነበር እኮ!› አሉ። ችሎቱ ሁሉ በሳቅ አለቀ።»

«ገበሬውስ?» አለች እትዬ።

«ገበሬው ምን ይላል፣ አብሮ ሳቀ። ለምን እንደሚሳቅ መች ገባው።»

«ከቤቱ አስወጡት ማለቱ ነው» አልኩ እኔ ከበሩ ጥግ።

ሁለቱም ዞሩ። እትዬ ለቁጣ ተነሳች፤ እሱ በእጁ ከለከላት።

«ማን ነገረሽ?»

«ዲክሲስ እንዲህ ነው የሚሉት። ሰው ከነልጆቹ ሲነቀል። እሳት የማይነድበት ቤት ሰው የለበትም።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ እንጀራውን በወጥ አጥቅሶ፣ «ነይ» ብሎ አጎረሰኝ። ምሳውን ሲጨርስ ካባውን እኔ ላቀብለው ስል እጄን ያዘኝና አብሬው ወጣሁ። ፍርድ ቤቱ ጣሊያን የሠራው ቤት ነበር። ደጁ ላይ ገበሬውን ፈልጎ አገኘው፣ ነገሩን እንደገና አስነገረው፣ ወደ እኔ ዘወር እያለ «ይህስ? ይህስ ምን ማለት ነው?» እያለ ጠየቀኝ። ከሰዓት በኋላ ችሎት ገብቶ አስተካክሎ ተናገረ። የገበሬው ቤት መመለሱን አለመመለሱን አላስታውስም። የማስታውሰው እሱ ሲወጣ ራሴ ላይ እጁን መጫኑን ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሥራዬ ይህ ሆነ። ባለጉዳዮች ከዲክሲስ፣ ከበቆጂ፣ ከኢተያ ከዋዜማው መጥተው ከተማ ያድራሉ። ችሎት ከመጀመሩ በፊት በቤታችን በረንዳ ላይ ሰብስቦ ነገራቸውን ያደምጣል፤ እኔ ከኋላው ዱካ ላይ ተቀምጬ ያልገባውን እነግረዋለሁ። የእሱ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነበር፤ የበግ ዋጋና የመንገድ ነገር ይበቃዋል። ሰው ሲያዝን፣ ሲምል፣ ሲሸሙጥ ግን ይጠፋበታል። ይህን ከእትዬና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። እሱም ማንም እንዲያውቅ አልፈለገም። ባለጉዳዮቹ ሲጠይቁት «ልጄ ናት፣ ከአጠገቤ መራቅ ትፈራለች» ይላቸው ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ እንደ ወንድ ልጅ ነው። «‹እሱ እንዲህ ይላል› የሚል አስተርጓሚ ወሬኛ ነው» አለኝ። «ሰውየው ‹እኔ› ካለ አንቺም ‹እኔ› በይ። ሲሳደብ ስድቡን አታለዝቢ። ሲያለቅስ አብረሽ አታልቅሺ። የራስሽን ሐሳብ እንደ ጫማ ደጅ አውልቀሽ ግቢ።»

«ሲዋሽስ፣ አባባ?»

«አሳምረሽ ዋሺለት። ውሸቱ የእሱ ነው፤ ያንቺ ቃሉን ማድረስ ብቻ ነው።»

ይህን በልቤ ይዤ ከቤቱ ጀርባ ዶሮዎቹን ዳኛ አድርጌ እለማመድ ነበር። መሐላውን ሁሉ አውቀው ነበር፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ለማንም ሳላደላ። እትዬ ልብስ እያጠበች ታየኝና ትስቅ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ያቺ ቄብ ዶሮ ፈረደችብሽ ወይስ ፈረደችልሽ?»

አራተኛ ክፍል ስደርስ፣ ፍርድ ቤት ድረስ አብሬው እንድውል ብሎ ከትምህርት ቤት አስወጣኝ። እትዬ ተቃወመች። እንዲህ ስትናገረው የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

«ልጅቱን ወንድ በሚንጋጋበት በፍርድ ቤት ደጃፍ ታስቀምጣታለህ። ነገ ማን ያገባታል?»

«እዚያ የማይማሩትን ነው እኔ የማስተምራት። ዓይኔ ሲደክም ዳኛው ፊት አቆማታለሁ። እስከ ዛሬ ሴት ያልቆመችበት ቦታ!»

«ሴት ያልቆመችበት ምክንያት አለው።»

«አዎ። የእኔ ልጅ ስላልነበረች ነው» አላት።

ይህን ከጓዳ ሰማሁ። ደስታዬን ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። ጓደኞቼ ደብተራቸውን ይዘው ሲያልፉ ከበረንዳው ላይ ሆኜ አያቸው ነበር። ከእነሱ አንዷ ኋላ አስተማሪ ሆነች፣ አንዷ ነርስ። እኔ አራተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ነኝ። ያን ጊዜ ግን አላዘንኩም። ለምን እንደተፈጠርኩ የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ ብዬ አምን ነበር። አባት የሞተበት ልጅ ይህን የሚነግረው ሰው ካገኘ ሌላ ነገር አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም።

አድጌ ነጠላ ማጣፋት ስጀምር አንድ ቀን የቆላ ወባው ተነሳበት። ችሎት እንደማይመጣ ለዳኛው እንድነግር ላከኝ። ስደርስ አንዲት የበቆጂ ገጠር ሴት ዳኛው ፊት ቆማለች። ባሏን ከሳ ነው፤ እሱ ያደረሰባትን ግን በወንዶች ፊት መናገር አልቻለችም። ለጊዜው እንዲያስተረጉም የቆመውን ዘበኛ ባየች ቁጥር ፊቷን ትሸፍናለች።

ዳኛው መልእክቴን ሰምተው፣ «አንቺ የአስተርጓሚው ልጅ አይደለሽም? እስቲ ጠይቂያት» አሉኝ።

ጠጋ ብዬ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። ተናገረች። እኔም ዞሬ፣ «እኔ በወለድኩ በሳምንቴ መታኝ» ብዬ ጀመርኩ። የተናገረችውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር እስከ መጨረሻው አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስጨርስ ዳኛው ለጊዜው አንገታቸውን ደፉ፣ ከዚያ «አባትሽ እድለኛ ነው» አሉ። ጸሐፊው ደግሞ፣ «እንግዲህ እሳቸው ወባቸውን እያስታመሙ ይቀመጡ!» አለና ሳቅ ሆነ።

ችሎቱ ሲያበቃ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጸሐፊው ያለውን ብቻ አስቀረሁ። እሱ ግን ሊጠይቀው ቀድሞኝ ከመጣ ባለጉዳይ ሰምቶ ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ «ጎበዝ» አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ሲድን ብቻውን ወጣ። ካባውን ይዤ ቆሜ ነበር። «ብርድ ነው፣ ዛሬ ቅሪ» አለኝ። በማግስቱም ብርድ ነበር። አሰላ መቼ ብርድ የማይሆንበት ጊዜ አለ? ባለጉዳዮቹንም በረንዳው ላይ መሰብሰብ ትቶ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ያነጋግራቸው ጀመር። ያው ወር ሳይወጣ ከኢተያ ሽማግሌ ሊመጣ እንደሆነ እትዬ ነገረችኝ። ሁለቱ ነገር ተያይዟል ብዬ አልምልም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ አንባቢ ዓይን አለው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገቡ። ስንዴ የሚነግድ ሰው ለልጁ ልኳቸው ነው። ሁለቱ አማርኛም ኦሮምኛም የሚናገሩ የኢተያ ሰዎች ናቸው። ታላቃቸው ግን በዕድሜ የገፉ አርሲ ነበሩ፤ ነገር የሚጀምሩትም የሚጨርሱትም እሳቸው ናቸው፤ አማርኛ አይናገሩም ወይም መናገር አይፈልጉም። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ነበርኩ።

«እንግዲህ እዚህ ቤት ሁለቱን ቋንቋ የማያውቅ የለም» አለ ከኢተያዎቹ አንዱ። «እርስዎ ራስዎ ያስተርጉሙና እንጀምር።»

እሱ ካባውን አስተካከለ። ከጓዳው ቀዳዳ አየው ነበር።

«አይሆንም» አለ። «እኔ ዛሬ ባለጉዳይ ነኝ። ባለጉዳይ በራሱ ጉዳይ አያስተረጉምም፤ በእኛ ሙያ ነውር ነው። ዛሬ ከአፌ አንድ የኦሮምኛ ቃል አይወጣም። ልጄ ታስተረጉማለች፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።» ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣራ፣ «ነይ ውጪ!»

ጉዳዩ የማን እንደሆነ ትዝ አላለውም። እትዬ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እሱ ግን በዚያች ሰዓት የሚያስበው ስለ ሙያው ንጽሕናና የሰለጠነች ልጁን በእንግዳ ፊት ስለማሳየት ነው። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

ወጥቼ በሁለቱ መካከል ቆምኩ።

ሽማግሌው ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ ስለ ስንዴው ጠየቁ። አደረስኩ። ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ። «ደህና ቤት ነው፣ ደህና ልጅ አለ ብለው ነግረውናል። የእኛም ልጅ ክፉ አይደለም። በሬ አለው። አይጠጣም። ብዙ አይናገርም።»

እኔም በአማርኛ እንዳሉት አልኩ።

«ብዙ የሚናገር ቢሆንማ ለእሷ ምን ሊተርፋት!» አለ ከኢተያዎቹ አንዱ፣ ሁሉም ሳቁ።

«ልጅቱ ምን ዓይነት ናት?» አሉ ሽማግሌው።

ጠየቅሁት። እሱም መለሰ። «ታዛዥ ናት። እጇ ሥራ ያውቃል። ከአፏ ትርፍ ቃል አይወጣም።»

ይህንንም ስለ ራሴ በኦሮምኛ፣ በእሱ አፍ ተናገርኩት። «ታዛዥ ናት» አልኩ። ፊቴ እንደ እሳት ይነድ ነበር፤ ድምፄ ግን ልክ እንዳስተማረኝ ነው። ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩኝ። የሚናገሩት ለእኔ ይሁን ለእሱ ግራ የገባቸው ይመስላሉ።

«እንግዲያው ልጅህን ለልጃችን ስጠን» አሉ።

«ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አልኩት።

«ሰጥቻለሁ» አለ።

አላመነታም። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላየም። ዳኛው ፊት ስለማቆም፣ ስለ መሐላው፣ ሴት ስላልቆመችበት ቦታ ያለው ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል አለቀ። ሽማግሌው እንድናገር ይጠብቃሉ።

«አልሰጠሁም» አልኳቸው በኦሮምኛ።

ከኢተያዎቹ አንዱ አሳለው። ሌላው ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመረ። ሁለቱም ሰምተዋል፤ ግን በሰው ቤት አስተርጓሚ ማረም የእነሱ ድርሻ አይደለም። እሱም ሰምቷል። ቃሏ የገበያ ቃል ናት፤ በግ ሲገዛ በየሳምንቱ የሚሰማት። አሁን በኦሮምኛ ቢናገር አንድ የኦሮምኛ ቃል አይወጣኝም ያለውን ማፍረሱ ነው። በአማርኛ ቢናገር የማደርስለት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ።

«ጆሮዬ ደክሟል» አሉ። «ይህ ቤት ሁለት መልስ ያለው መሰለኝ። ሁለቱ አንድ የሆኑ ቀን ላኩብን። ኢተያ ሩቅ አይደለም።»

ይህን አንድ ቃል ሳላጎድል አስተረጎምኩ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞር አሉ። «ልጄ» አሉኝ በቋንቋቸው፣ «የሚያገባሽን ሰው ፈጣሪ ይርዳው!» እየሳቁ ወጡ። ይህን አላስተረጎምኩም፤ የተነገረው ለእኔ ነው።

ቀበቶውን ይፈታል ብዬ ጠበቅሁ። አልፈታም። ተቀምጦ የሱረት ቢልቃጡን ከኪሱ አወጣ፣ ሳይከፍተው መልሶ ከተተው።

«አላገባም ማለት ትችይ ነበር» አለኝ።

«ማን ጠየቀኝ፣ አባባ?»

«የሰው ቃል ገለበጥሽ።»

«የእኔ ጉዳይ ነበር።»

«የእኔን ቃል ነው የገለበጥሽው! በእኔ አፍ! እኔ ባልኩት ላይ!»

«ተዋት እባክህ» አለች እትዬ፣ «ልጅ ናት።»

«ልጅ ብቻ ብትሆን ምን ገዶኝ» አለ። «አስተርጓሚ ናት እንጂ።»

እንደ አባት ቢቆጣኝ፣ ሽማግሌ ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ቢገርፈኝ፣ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ያቃጠለው የእኔ እንቢታ አይደለም። ያቃጠለው የተበላሸው ሥራ ነው። በማግስቱ ካባውን ለብሶ ፍርድ ቤት ሄደና በራሱ አንደበት ለዳኛው ነገራቸው። ዳኛው ከዚያች የበቆጂ ሴት ወዲህ ለሴቶች ነገር እንድመጣ አስበው እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። «ቃሏ አይታመንም» አላቸው። ይህች አረፍተ ነገር ከተማውን ዞረች። የማትታመን ሰው መሐላ አትገባም፤ ችሎት አትቆምም። ለምን እንደተፈጠርኩ የነገረኝ እሱ ነበር፤ ለዚያ እንደማልሆን ያወጀውም እሱ ሆነ። ለሁለቱም ማንም አልጠየቀውም፤ እኔም ጭምር።

ጥቂት ጊዜ በቆጂ እናቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። የባሏን ፊት ማየት ሲሰለቸኝ ተመልሼ አሰላ ሐኪም ቤት ለጽዳት ተቀጠርኩ። እሱ ቤት አልገባሁም፤ አንዲት ባልቴት ዘንድ ጥግ ተከራየሁ። ከሳምንታት በኋላ አንዲት የገጠር እናት ልጇን ታቅፋ መጣች። በሽተኛ የሚያየው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም። ሴትየዋ ስታስረዳው እሱ የልጁን ሆድ ሲነካ፣ እሷ ደግሞ አይደለም ብላ ራሷን ስትነቀንቅ አየሁ። መጥረጊያዬን ግድግዳ አስደግፌ በመካከላቸው ቆምኩ። ልጁ ከመቼ ጀምሮ እንደታመመ፣ ምን እንዳበሉት፣ ምን ብለው እንደጸለዩለት ሁሉ ነገርኩት። ለእናትየዋም መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰጥ እሱ እንዳለው ነገርኳት።

ሲጨርስ ድሬሰሩ ገረመው። «አንቺ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ያዘው። «ማንም» ያልኩት ግን አሰላን ያህል ትንሽ ከተማ ውስጥ ተደብቆ አልቀረም። ከጥቂት ቀን በኋላ እትዬን ገበያ አገኘኋት። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ።

«ነገሩት እኮ» አለችኝ።

«እሳቸው ምን አሉ?»

«‹ልክ ናት፣ ማንም አላስተማራትም› አለ። ‹እኔ ያስተማርኳት ልጅ እንዲህ ብላ አትመልስም ነበር› አለ።» ነጠላዬን ያዝ አደረገች። «የኔ ልጅ፣ ተይ። አርጅቷል። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ብቻውን ይቀመጣል። መጥተሽ ጉልበቱን ሳሚው፣ ያልቃል።»

«እሳቸው ላኩሽ?»

ጎንበስ ብላ ዘንቢሏን አነሳች።

«ይላኩ» አልኳት። «በራሳቸው ቃል ይላኩ፤ እመጣለሁ።»

ምን ብላ እንዳደረሰችለት አላውቅም። አልላከብኝም። እኔም አልሄድኩም። ጠዋት ጠዋት ያንኑ ጭቃ መንገድ ይዘን እንተላለፍ ነበር፣ እሱ ወደ ፍርድ ቤቱ እየወረደ፣ እኔ ወደ ሐኪም ቤቱ እየወጣሁ። እሱ ካባውን ሰብሰብ ያደርጋል፣ እኔ ነጠላዬን ወደ ፊት እስባለሁ። ሁለታችንም የምንሄደው ያንኑ ሥራ ልንሠራ ነበር።